ድንጋዩን ማን ነካው?

ባሌ ሙሜ ድንጋይ ያዳምጥ ነበር። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ መጥረቢያና ገጀራ ያሳለ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቃል። ሞላ የሚሉት የብረት መሳያ ማሽን አለ፤ በሞተር የሚዞር፣ በዘንጉ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ክብ ድንጋይ የሚገጠምለት። ያንን ድንጋይ ዘንጉ ላይ አስተማምኖ በመግጠም ከድሬዳዋ ወዲህ የሚያህለው አልነበረም። ሚስቱ ስለሆንኩ የማሞግሰው እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ በመሆኔማ ጉዱን ሁሉ አውቃለሁ። ወጥ ቀጠነ ብሎ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ ከግድግዳ ጋር እንደ መኖር ነው። በሥራው ግን እንከን አልነበረበትም። ይህን ሰው ወንድሜ የሚለው ሰው አጠፋው። አንዲት ቃል ተናግሮ ሊያድነው ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ይኸው ስንት ዓመት ሆኖት፣ ሳነሳው አሁንም እራገማለሁ።

ሙሜ የገለምሶ አካባቢ ልጅ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ያኔ ሰዉ ማረሻውን እሳቸው ዘንድ ያስቀጠቅጥ ነበር፣ ከቤታቸው ግን ውሃ አይጠጣም። ሙሜ ይህን ጠልቶ ጎረምሳ ሳለ ድሬዳዋ ወረደ፤ ከአንድ ግሪክ ጋራዥ ገብቶ ሞላና ሞተር ለመደ። አብዮቱ ሲመጣ ቀጥቃጭ መባል ቀረና ባለሙያ መባል መጣ። ከተማችን ውስጥ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ሙሜ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። እኔም ያኔ ነው ያገባሁት።

ታደሰ ኋላ ነው የገባው። የደብር አገልጋይ ልጅ ነው፤ ከትምህርት ቀርቶ፣ ካቻቢቴ ከብሎን መፍቻው ከኪያቤ የማይለይ፣ ግን አፉ የሚጣፍጥ ልጅ። ሙሜ ወደደው። ሥራውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ እያስያዘ አስተማረው። በኦሮምኛ «ኦቦሌሳ» ይለው ነበር፣ ወንድሜ ማለት ነው። ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ለሥጋ ወንድሞቹ እንኳ በስማቸው ነው የሚጠራቸው። በረመዳን ታደሰ እሱ ፊት እህል አይቀምስም ነበር። የታደሰ አባት ሲሞቱ ደግሞ ሙሜ ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መቃብር ሄዷል። እኔም እንደ ዋርሳዬ ነበር የማየው። ወላሂ፣ ከቤቴ ሲወጣ ባዶ እጁን አልሸኘውም ነበር።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ አገጣጠሙን ልንገራችሁ፤ ኋላ እኔም ተምሬዋለሁና አልሳሳትም። አዲስ ድንጋይ ሲመጣ ሙሜ ጣቱን በመሐሉ ቀዳዳ አስገብቶ ያንጠለጥለዋል። በመዶሻ እጀታ፣ በእንጨቱ በኩል፣ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርገዋል። ደህና ድንጋይ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። የታመመ ድንጋይ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ድምፁ እንደ ነቃ እንስራ ነው። ከዚያ ዘንጉ ላይ ያስገባዋል፤ እምቢ ካለው በመዶሻ አያስገድደውም። ብረቱ ድንጋዩን እንዳይነክሰው ከግራና ከቀኙ ክብ ወረቀት ያደርጋል። ወረቀት ስለማይገኝ ስብሰባው ያለፈበትን የስብሰባ ጥሪ ከግድግዳ እየላጠ ነበር የሚቆርጠው። ከወረቀቱ ላይ ሮንዴላ የሚሉት ሰፊ ክብ ብረት፣ ከሮንዴላው ላይ ባለ ጥርሱ ማጥበቂያ፣ ዳዶው። የቀኙ ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ይጠብቃል፤ የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ዘንጉ ሲዞር እንዳይፈታ። ሲያጠብቅ አይታገልም፤ ከመጠን ካለፈ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ጎን ይቆማል። ድንጋዩ ገና ሲነሳ ፊት ለፊቱ ማንም እንዲቆም አይፈቅድም፣ ሊቀመንበርም ቢሆን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሙሜ ድንጋዩን ይዞ በክፍሉ ያሉትን ሁሉ ያይና «ማን ነካው?» ይላል። የጣለው፣ ያጋጨው፣ ውሃ ያስነካው ካለ ያኔ ይናገራል። የተናገረ አይሰደብም፣ አይቀጣም፣ ወሬውም ከዚያች ክፍል አይወጣም። ድንጋዩ ይጣላል፣ በቃ። ደግሞ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚናገረው፤ እገሌ ነው ብሎ መጠቆም ነውር ነው። ይህን ሕግ ከአባቱ ነው ያመጣው። እሳቸውም ብረት እሳት ውስጥ ሳይከቱ ወናፉን ማን እንደነካው ይጠይቁ ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ሐሰን የሚባለው አባል ድንጋይ ጥሎ «እኔ ነኝ» አለ። ሙሜ ድንጋዩን ለሁለት ሰብሮ ጣለውና ሐሰንን ሻይ ጋበዘው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደበቀም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ።

ጊዜው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ በኋላ ነው። የመሳያ ድንጋይ ጠፍቶ ስንት ጊዜ ተለምኖ ከድሬዳዋ አንድ ተገኘ። የቡና ወቅት ስለሆነ የመቻራ ገበሬዎች መጥረቢያቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። ታደሰ በዚያ ሰሞን ለማኅበሩ ሊቀመንበርነት ታጭቷል፤ ከዚያም ለኮርስ ሊላክ ነው ይባላል። ማኅበሩ ደግሞ ጫት ይዞ ወርክሾፕ የገባ አባል ይባረራል ብሎ ወስኗል። ውሳኔውን በስብሰባ ያነበበው ራሱ ታደሰ ነው።

እኔ ያኔም ዛሬም ጫት ሻጭ ነኝ፤ አውቶቡስ ተራው አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር። ድንጋዩ በሚገጠምበት ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታደሰ መጣ።

«ኩብራ እህቴ፣ ለነገ የሚሆን ጥሩ እስር ስጪኝ። ውሃ አጥግቢው፣ እንዳይጠወልግ።»

«ነገ ትኩሱን አትወስድም? እኔ የት እሄዳለሁ?» አልኩት።

«ነገ ሰው ይበዛል። ሰው እያየኝ አልገዛም፣ ታውቂ የለ?»

ሳቅኩበት። «አቦ፣ ሊቀመንበር ሳትሆን እንዲህ ከፈራህ ስትሆን አልጋ ሥር ልትገባ ነው» አልኩት። በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩለት፣ ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ በቀይ ክር አሰርኩለት። ቀይ ክር የኔ ምልክት ነው፤ ከኔ በቀር በዚያ ተራ በቀይ የሚያስር የለም። ኮቱ ሥር ደብቆ ሄደ።

የማግስቱን ከሙሜም ከሐሰንም ሰምቻለሁ። ድንጋዩ ያደረው በወርክሾፑ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው፤ ቁልፉ ያደረው ታደሰ ዘንድ። ሙሜ ድንጋዩን አወጣ፣ አንጠለጠለ፣ መታ አደረገው። ድምፁ ትንሽ ደፈነበት። ደግሞ መታው። «ማን ነካው?» አለ። ሐሰንም ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ታደሰ ዞረ።

«ኦቦሌሳ፣ ውሃ ነክቶታል እንዴ?»

«ማንም አልነካውም» አለ ታደሰ። «ቁልፉ እኔ ኪስ አይደል ያደረው? አታምነኝም?»

ሙሜ ፈገግ ብሎ «ጆሮዬ አርጅቷል ማለት ነው» አለና መግጠም ጀመረ። ወረቀቱን አደረገ፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን አጠበቀ። አስነስቶ ጎን ቆመ። ሐሰን እንደሚለው ማሽኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ረጋ ያለ መሰለ። የድንጋዩ የብረት ክዳን ከተሰበረ ቆይቶ ነበር፤ መለዋወጫ አልተገኘም። ሙሜ ከመቻራው ሰውዬ መጥረቢያውን ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ ሲያስነካው ድንጋዩ ፈነዳ። ግማሹ በመስኮት ወጣ። ግማሹ የሙሜን ቀኝ እጅ መታው።

ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። የቀሩት ደግሞ መታጠፍ እምቢ አሉ።

እሱ ሐኪም ቤት ተኝቶ ኮቱን ላመጣለት ወርክሾፕ ሄድኩ። የብረት ሳጥኑ ክፍት ነበር። ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጫት ሻጭ ደግሞ የጫት ሽታ አይጠፋትም። ከሳጥኑ ሥር የሙዝ ቅጠል ቁራጭ አለ፤ ከቅጠሉ ጋር ቀይ ክር። የገዛ እጄ ያሰረው ቀይ ክር። የተሰበረውን ድንጋይ አነሳሁት፤ ባንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል። ድንጋይ ውሃ እንደሚጠጣ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ታደሰ እስሩን ቀዝቃዛ ቦታ ነው፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው ብሎ ድንጋዩ ላይ አሳድሮታል፤ ጠዋት ከሰው ቀድሞ አውጥቶ ጠርጎታል። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ባንድ ወገን ውሃ ተሸክሟል። ባንድ ጎኑ የከበደ ድንጋይ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ራሱን ይገነጥላል።

ክሩን በመዳፌ ጨብጬ ወደ ሙሜ ሮጥኩ። ነገርኩት። አልደነገጠም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ድንጋዩ ነግሮኝ ነበር። ታደሰ አልነካሁም ሲለኝ ጆሮዬን ትቼ አፉን አመንኩ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልሂድና ልንገራቸው።»

«አትናገሪም። ራሱ ይናገራል። ደንግጦ ነው እንጂ ታደሰ እንዲህ አይደለም። ጊዜ ስጪው።»

ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። እሱ ግን አስማለኝ። አንደኛ ነገር ሰው መጠቆም በሱ ሕግ ነውር ነው። ሁለተኛም በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች፤ የሰው ስም ከሷ ጋር ከተጠራ ሰውየው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሙሜ የታደሰን ስም እዚያ አፍ ውስጥ መክተት አልፈለገም። ወላሂ ብዬ ማልኩ። መሐላ ደግሞ መሐላ ነው፣ ምን ላድርግ።

ታደሰ ሐኪም ቤት አልመጣም። ሚስቱን ዘውድነሽን ከቀበሌ ሱቅ የተገዛ ስኳር አስይዞ ላካት። እሷ ምንም አታውቅም፣ ምስኪን፤ አልጋው ሥር ቁጭ ብላ አነባች። ስኳሩን አጠገባችን ለተኛው በሽተኛ ሰጠሁት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለሂስ ይባል ነበር፤ ሰው ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚናገርበት። ስሰማ ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንዲያውም የሙሜ ጥያቄ በትልቁ አዳራሽ የተጠየቀ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ይናገራል አልኩ። ሙሜም እንደዚያው ያሰበ ይመስለኛል፤ ጠዋት ተላጭቶ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ አለኝ።

ስብሰባው ለከተማው ሰው ሁሉ ክፍት ስለነበር እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ታደሰ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ነበር የተቀመጠው። ዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዘው ገብሬ ተነስቶ ማሽኑ እንደተሰበረ፣ የገበሬው ሥራ እንደተጓጎለ ተናገረ፤ ቸልተኝነት ይሁን አሻጥር ይታይ አለ። ከዚያ ታደሰ ተነሳ። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነው የተናገረው።

«ጓድ ሙሜ ዳዶውን በደንብ አላጠበቀውም ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጓድ ሙሜ። በስሙ ሲጠራው የኖረውን ሰው። ጨብጬው የመጣሁት ቀይ ክር መዳፌን አቃጠለኝ። ልነሳ ስል ሙሜ ከወዲያ ዞሮ አየኝ፤ ተቀመጥኩ።

ሙሜን ግለሂስ አድርግ አሉት። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ ተነሳ። አዳራሹን ሁሉ አላየም፤ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየው።

«ኦቦሌሳ» አለ፣ «ድንጋዩን ማን ነካው?»

ሐሰን አንገቱን ደፋ። እሱ ጥያቄውን ያውቀዋል። ሌላው ሰው ግን ሙሜ ሕመሙ ያስቀባጠረው ነው የመሰለው። ታደሰ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ። እኔ አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ጠበቅኩ።

«ማንም አልነካውም» አለ።

ሙሜ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢጠይቁት መልስ አልሰጠም። ከማኅበሩ ተባረረ። የሚገርማችሁ፣ ይታሰር የሚል ድምፅ ሲነሳ ታደሰ እጁን አውጥቶ የቀድሞ አገልግሎቱ ታይቶ እስሩ ይቅርለት አለ። ተጨበጨበለት። ሩኅሩኅ ነው ተባለ፣ ለባልንጀራው ያስባል ተባለ። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል የናቅኩት ጭብጨባ የለም። በዚያው ወር ሊቀመንበር ሆነ፣ ኮርሱንም ሄደ።

ሰው እጁን ቢያጣ ይኖራል። ሙሜን የጎዳው ስሙ ነው። ገለምሶ ገበያ ድረስ ሙሜ ዳዶ ማጥበቅ ረሳ ተባለ። የመቻራ ደንበኞቹ በር ላይ ሲያገኙት ሰላም ብለውት መጥረቢያቸውን ይዘው ያልፋሉ። ያባቱን ቤት ውሃ የማይጠጡት ሰዎች ተመልሰው የመጡበት ነበር የሚመስለው። ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። አይመጣም እለዋለሁ። እሱ ግን ከደጅ አይነሳም። ለረጅም ጊዜ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ቀና ሲል ፊቱ ላይ የማየው ነገር ነበር፤ እሱን ሳይ ታደሰን በጥርሴ ብበጣጥሰው ደስ ባለኝ።

ኋላ ከወዳደቀ ብረት ራሱ አንድ ትንሽ ሞላ ገጣጠመ፣ ጓሯችን ውስጥ። ኪያቤ የሚይዝ እጅ ስላልነበረው እጁ እኔ ሆንኩ። እሱ ያዳምጣል፣ እኔ አጠብቃለሁ። ግራውን ዳዶ አዟዙሬ ስሳሳት «ኩብራ፣ ይሄ እኮ የጫት እስር አይደለም» ይለኛል። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የገበያ ሰው መምጣት ጀመረ። ከመግጠማችን በፊት ሁልጊዜ «ማን ነካው?» ይለኛል። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፤ ቢሆንም ይጠይቃል። አንዳንድ ቀን «እኔ ነኝ፣ ጓዳ ሳገባው በሩ ጋ አጋጭቼዋለሁ» እለዋለሁ። ድንጋዩን ይጥለዋል፤ አይቆጣኝም።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ማኅበሩ ፈረሰ፣ ዕቃው ተበታተነ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታደሰ በጓሯችን በር ብቅ አለ። ያለ ዕድሜው ጠጉሩ ሸብቷል። በጆንያ የተጠቀለለ ድንጋይ ይዟል። ዓይን አውጣ አልኩ በሆዴ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ ድሮ እኛ ቤት የለመደው ነው።

«ወአለይኩም ሰላም» አለው ሙሜ። በርጩማ አሳየው።

የራሱን ብረት መሳያ ቤት ሊከፍት ነው፤ ሞላ አግኝቷል፣ ድንጋይ ከድሬዳዋ አስመጥቷል። ግጠምልኝ ለማለት ነው የመጣው። ከሙሜ በቀር የሚያምነው የለም። ይህን በአፉ ሲል ሰማሁት፤ ሌላ ሰው አላምንም አለ።

ሙሜ ድንጋዩን ከጆንያው አወጣው። በማይታጠፈው ጣቱ አንጠለጠለው። እኔ ኪያቤዬን ይዤ ቆምኩ።

«ማን ነካው?» አለ።

ታደሰ ከበርጩማው ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ፣ በዚያ ሽበቱ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሙሜ፣ እኔ ነኝ። ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ጫቱን እላዩ ላይ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።» አለቀሰ።

ሙሜ ጠብቆ ጠብቆ፣ ደጅ ደጁን እያየ የተመኘው ቃል ይኸው ነበር። እኔ እንኳ ኪያቤዬን መሬት አስቀመጥኩ። ሙሜ ግን ድንጋዩን እንዳንጠለጠለ ነው።

«ስለዛሬው ድንጋይ ነው የጠየቅኩህ» አለው።

ታደሰ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «የዛሬውን ማንም አልነካውም» አለ።

ሙሜ በደህናው እጁ፣ በመዶሻው እጀታ መታ አደረገው። እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ጥርት ያለ፣ እኔም የሰማሁት። ደግሞ መታው። ገልብጦ መታው። አሸተተው፣ በምላሱ ነካው። ፀሐይ ላይ አውጥቶ ቆየና ደግሞ መታው። ያው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ፊቱ ግን አልተፈታም። አሁንም ጆሮውን አስጠግቶ መታው። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ያ ሰውዬ ጣቱንና ስሙን ብቻ የወሰደበት ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ የገዛ ጆሮውንም እንዳያምን አድርጎታል።

ሙሜ ድንጋዩን ጆንያው ውስጥ መለሰው።

«ጆሮዬ ደህና ነው ይለኛል። አንተም ማንም አልነካውም ትላለህ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ይሆናል። እኔ ግን መግጠም አልችልም።»

«ሙሜ፣ ስለ አላህ ብለህ።»

«አልችልም።»

ታደሰ ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሙሜ ከኋላው ጠራው፤ ሰውየውም በተስፋ ዞረ።

«ታደሰ» አለው፣ «የሚገጥምልህን ሰው፣ ሲያስነሳው ጎን ቁም በለው።»

ታደሰ ነው ያለው፤ ኦቦሌሳ አላለውም።